ክብሪት የማይገባበት ግቢ

በሣር ሜዳ መሃል አንድ ትልቅ የብረት በር ቆሟል። ግራውም ቀኙም አጥር የለውም። ልጆች ኳስ እያባረሩ በአንድ ጎኑ ያልፉታል፤ ጠዋት ጠዋት የሚሮጡ ሰዎች እያለከለኩ በሌላ ጎኑ ይዞሩታል፤ ርግቦች በላዩ፣ ድመቶች በታቹ ይመላለሳሉ። በሩ ግን ተዘግቷል። አጠገቡ እስከ አንገቱ የተቆለፈ ሰማያዊ ኮት የለበሰ ረጅም፣ ቀጭን ሰው አለ፤ አቋቋሙን ላየ ከበሩ ጋር አብሮ የተበየደ ይመስላል። ሰው ሁሉ ጋሽ ክብሪት ይለዋል።

አንድ ቀን አንድ ጎረምሳ ሲጋራ ጆሮው ላይ ሰክቶ በበሩ ሊገባ መጣ።

«ክብሪትህን» አለው ጋሽ ክብሪት እጁን ዘርግቶ።

«ምን?»

«ክብሪት፣ ላይተር፣ ብልጭ የሚል ነገር ሁሉ። ስትወጣ ትወስደዋለህ።»

ጎረምሳው ግራና ቀኙን አየ። ሜዳው ወለል ብሎ ተዘርግቷል። «ጋሼ፣ በዚህ በኩል ብዞርስ?»

«ዙር።»

«አይከለክሉኝም?»

«በበሩ ያልገባ ሰው አልገባም። ያልገባን ሰው ደግሞ ምን ብዬ ነው የምከለክለው?»

ጎረምሳው ዞረ። ማዶ ላይ ትንሽ ቆመ፤ እግሩ ሥር ያለውን ሣር አየ፤ በሩን ከጀርባው አየ። ከዚያ አንድ ነገር እንዳመለጠው ሰው ቅር ብሎት ተመልሶ መጣና ላይተሩን አስረከበ። «መግባት ፈልጌ ነው» አለ ቀስ ብሎ። ጋሽ ክብሪት ላይተሩን ተቀበለ፣ በሩን ከፈተለት፣ ሲያልፍ መልሶ ዘጋው።

ይህ ሜዳ ድሮ ሜዳ አልነበረም፤ የነዳጅ ማጣሪያ ነበር። መርከብ ጥቁር ድፍድፍ ይዞ ይመጣል፤ ቧንቧዎቹ እንደ አንጀት ተጠማዝዘው ይውጡታል፤ በዚያኛው ጫፍ ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ ላምባ፣ መጨረሻ ላይም ሬንጅ ሆኖ ይወጣል። ከአንዱ ጥቁር ነገር ውስጥ ሰማይ ላይ የሚበረውም መሬት ላይ የሚነጠፈውም መውጣቱን ላሰበው ሰው ያስደነግጣል። ጋሽ ክብሪት ግን አልደነገጠም፤ ሥራው ሌላ ነበር። ከበሩ ጎን ባለች ጠባብ ቤት ውስጥ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ካለው የእንጨት መደርደሪያ ፊት ቆሞ፣ ከሚገባው ሠራተኛ ሁሉ ክብሪት ይቀበላል፤ ሲወጣም የየራሱን ይመልሳል። አለቃም ይሁን ጠራጊ፣ ጎብኚም ይሁን ሚኒስትር፣ ኪሱን ሳያራግፍ አያልፍም። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል፤ ሌላ ንግግር አያውቅም።

እላይ ደግሞ፣ ከረጅሙ ጭስ ማውጫ ጫፍ፣ ቤት የሚያህል ነበልባል ሌት ተቀን ይነዳል። ማጣሪያው የተረፈውን ጋዝ እዚያ ነበር የሚያቃጥለው። በሰፈሩ ያደጉ ልጆች ጨለማን የሚያውቁት በወሬ ብቻ ነበር። አንድ አዲስ ሠራተኛ የመጀመሪያ ቀኑ ላይ ክብሪቱን እያስረከበ አንጋጦ ቀረ።

«ጋሼ፣ እኔ ይቺን ክብሪት ይዤ ብገባ ግቢው ይነዳል አሉ። ያ ከላይ የሚንቀለቀለውስ?»

ጋሽ ክብሪት ቀና ብሎ እንኳ አላየም። «እሱ ፈቃድ አለው» አለ።

ሚስቱንም ያገኛት በዚሁ በር ላይ ነው። የሠራተኛው ምግብ የሚበስለው ከአጥሩ ውጭ በነበረ የቆርቆሮ ቤት ነበርና፣ እሷ እዚያ ምግብ አብሳይ ነበረች፤ ከእጇ ጭልፋ ተለይቶ ስለማያውቅ እትዬ ጭልፋ ይሏት ነበር። እሱ ቦታውን መልቀቅ አይችልም፤ እሷ እሳት እሳት ስለምትል መግባት አትችልም። ስለዚህ ሳህኑን በበሩ መስመር ላይ ታቀብለዋለች። እሱ ከመስመሩ ወዲህ፣ እሷ ከመስመሩ ወዲያ ቆመው ተዋደዱ፤ ተጋቡ፤ እሷ ግን ያንን በር አንድም ቀን አልፋ አታውቅም።

ከዚያ መርከቡ ቀረ። ሩቅ አገር አዳዲስ፣ ግዙፍ ማጣሪያዎች ተሠርተዋል፣ ይሄ አርጅቷል ተባለ። አንድ ቀን ነበልባሉ እንደ ሽማግሌ ሁለት ሦስቴ ሳለና ጠፋ። ሰፈሩ እንቅልፍ አጣ። ዶሮዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ንጋት የሚባለውን ነገር አይተው ደንግጠው ጮኹ። ሠራተኛው በየተራ ተሰናበተ። ለዘበኛው መሰናበቱን የሚነግረው ሰው ግን እሱ ራሱ ቀድሞ ተሰናብቶ ነበርና ጋሽ ክብሪትን ማንም ምንም አላለውም። እሱም መምጣቱን አላቆመም። ማጣሪያው ዝጎ፣ ቧንቧው ውስጥ ወፎች ጎጆ ሠርተው፣ እሱ ግን ከወፎቹ በቀር የሚገባ በሌለበት በር ላይ ቆሞ ቀጠለ።

ገንቢዎቹ ሲመጡ መጀመሪያ ያደረጉት ሄልሜታቸውን ማጥለቅ ነበር፤ ሁለተኛው ለጋሽ ክብሪት ላይተራቸውን ማስረከብ። ብረቱ ተፈታቶ ተጫነ። አጥሩ ተነቀለ። ቀጥሎ መሬቱ ራሱ ታሟል ተባለ፤ ለዓመታት ነዳጅ ሲጠጣ ኖሯልና አይድንም። ስለዚህ መሬቱን ቆፍረው ማውጣት ጀመሩ። መኪና በመኪና ላይ ጥቁር አፈር እየጫነ ወጣ፤ መኪና በመኪና ላይ ቀይ፣ ጤነኛ አፈር ከሌላ ቦታ ጭኖ ገባ። ጋሽ ክብሪት አጥር በሌለው በር ላይ ቆሞ የሾፌሮቹን ክብሪት እየተቀበለ፣ የቆመበት ምድር ተሰድዶ ሌላ ምድር በእግሩ ሥር ሲሰፍር አየ።

«ልጄ» አላት የግንባታውን ፕላን ለሠራችው ወጣት አርክቴክት፣ «መሬቱ ሄዷል። ታዲያ እኔ አሁን የቆምኩት የት ነው?»

አርክቴክቷ ለማስተዛዘን ፈልጋ ፕላኑን ዘረጋች። ሜዳው አለ፤ ሕንፃዎቹ አሉ፤ ረጅሙ ጭስ ማውጫ ለመታሰቢያ ቀርቷል፤ በሩም በቅርስነት ቀርቷል። ከበሩ ጎን አንድ ቀጭን ሰው በቀጭን መስመር ተስሏል።

«አባባ፣ እርስዎም አሉበት።»

ጋሽ ክብሪት አጎነበሰ። «እኔ ነኝ?»

«የበሩን ቁመት ሰው እንዲገምት ብዬ ነበር የሣልኩዎት» አለች ፊቷ እየቀላ። «ኮሚቴው ግን ፕላኑን እንዳለ አጸደቀው። አሁን እርስዎን ለማንሳት አዲስ ስብሰባ ያስፈልጋል።»

ስብሰባው አልተጠራም። ጋሽ ክብሪትም ቅርስ ሆኖ ቀረ።

ሕንፃዎቹ ሲያልቁ ለቀድሞ ሠራተኞች አፓርታማ ተሰጠ። ለጋሽ ክብሪትና ለእትዬ ጭልፋ አምስተኛ ፎቅ ደረሳቸው። እትዬ ጭልፋ በሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለፈችው ያን ቀን ነው፤ ባሏ ክብሪቷን ተቀብሎ፣ እንደ ሙሽራ ሳይሆን እንደ ጎብኚ አሳለፋት። ዕድሜዋን በሙሉ ጣራው በሚያፈስ፣ ጭሱ ዓይን በሚያጠፋ ቤት ስታበስል የኖረች ሴት ናት። አዲሱ ወጥ ቤት ግን ግድግዳው ነጭ ንጣፍ፣ ምድጃው አራት ዓይን ያለው የጋዝ ምድጃ፣ መስኮቱ ደግሞ ባሕሩን እንዳለ የያዘ ነበር። አራቱን የምድጃ ዓይኖች አንድ በአንድ በእጇ ዳበሰች። 

«በል እንግዲህ፣ ክብሪቴን መልስልኝ» አለች በመጨረሻ። «ሻይ ልጣድ።»

«አይቻልም።»

«ምን አይቻልም?»

«የት ነው ያለሽው?»

«ወጥ ቤቴ ውስጥ።»

«ማጣሪያው ግቢ ውስጥ ነሽ።»

«አንተ ሰው፣ ማጣሪያው የት አለ? እስቲ አሳየኝ!»

ጋሽ ክብሪት በመስኮቱ አየ። ሜዳ፣ የልጆች መጫወቻ፣ ዥዋዥዌ። «ማጣሪያው የለም» አለ። «ደንቡ ግን አለ።»

«ጎረቤቶቻችን ይጠብሳሉ፣ ይቀቅላሉ። ጭሱ በመስኮት እየገባ ነው። እነሱንስ?»

«እነሱ በመኪና ማቆሚያው በኩል ነው የመጡት። አልገቡም።»

«እኔም በመኪና ማቆሚያው ልምጣ!»

«አንቺማ የማጣሪያው ቤተሰብ ነሽ።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለችና ድስቷን አንስታ ወረደች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ ጭልፋ ከበሩ ማዶ፣ ድሮ የቆርቆሮው ቤት በነበረበት የእግረኛ መንገድ ላይ፣ ከሰል ምድጃ ጥዳ ማብሰል ያዘች። ጠዋት ስትወጣ ባሏ በሩ ላይ ክብሪቷን ይመልስላታል፤ ማታ ስትገባ ይቀበላታል። ሁለቱም አይተያዩም። ሌሎች የድሮ ሠራተኞች ሚስቶችም ባሎቻቸው ያንኑ ልማድ ይዘው ኖሮ አንድ በአንድ ድስታቸውን ይዘው ወረዱ። መንገደኛው ምግብ ቤት የተከፈተ መስሎት ወንበር ይፈልጋል። ከላይ ደግሞ ያ ሁሉ የሚያብረቀርቅ ወጥ ቤት እንደ ሙዚየም ጭር ብሎ ባሕሩን ያያል።

አንድ ቀን ዝናብ ወረደ። ዝናብ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ሊፍቱም ተበላሸ። እትዬ ጭልፋ ጃንጥላ በአንድ እጅ፣ የሾርባ ድስት በሌላው ይዛ አምስት ፎቅ ወጣች። ስትደርስ ሾርባው ቀዝቅዞ፣ ግማሹ የዝናብ ውሃ ሆኗል። ድስቱን ከባሏ ፊት አስቀመጠች። አልጮኸችም። ስትጮህ ደህና ናት፤ አለመጮኋ ነው ያስፈራው።

«እሁድ ምሳ እዚህ ምድጃ ላይ እሠራለሁ» አለች። «ካልሆነ ሻንጣዬን ይዤ እህቴ ጋ እገባለሁ። እሷ ቤት ክብሪት በየመስኮቱ ነው። ሰው በሰላም እሳት እያየ ያረጃል።»

«እኔስ?»

«አንተ ፕላኑ ላይ አለህ።»

ጋሽ ክብሪት በማግሥቱ በሩ ላይ ሲቆም ልቡ በሩ ላይ አልነበረም። ቤቱ ባዶ ሲሆን ታየው፤ ሾርባ የሌለበት፣ የሚቆጣው የሌለበት ነጭ ግድግዳ። ይህ አንድ ፍርሃት ነው። ከሥሩ ግን ሌላ ፍርሃት ተኝቶ ነበር፤ ለማንም ሊነግረው የማይችለው። እሷ ብትለኩሰውና ግቢው ቢፈነዳ፣ ጉዳቱ ጉዳት ነው፤ ቢያንስ እሱ ትክክል ነበር ማለት ነው። ብትለኩሰውና ምንም ባይሆንስ? ሻይ ብቻ ቢፈላስ?

የሚያማክረው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ የማጣሪያው የደህንነት ኃላፊ የነበሩት ሽማግሌ። ሠራተኛው አለቃ ሴፍቲ ይላቸዋል። ደንቡን ያረቀቁት እሳቸው ናቸው፤ አሁን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ጋሽ ክብሪት በራቸውን አንኳኳ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የወጣው አለቃ ሴፍቲ ሳይሆኑ የተጠበሰ እንቁላል ሽታ ነበር።

«ግባ፣ ግባ! አብረን እንብላ» አሉ መጥበሻቸውን እንደያዙ።

ጋሽ ክብሪት ደፉ ላይ ደርቆ ቀረ። «አለቃ… ይሄ ምንድን ነው?»

«እንቁላል።»

«በምን ጠበሱት?»

«በምን ይጠበሳል? በእሳት!»

«ክብሪቱስ በየት ገባ? ከእርስዎ በየቀኑ እየተቀበልኩ?»

አለቃ ሴፍቲ ትንሽ አፈሩ። «ለአንተ የምሰጥህ አንዱን ነው» አሉ። «ሌላው ካልሲዬ ውስጥ ነው። ገና ማጣሪያው ሳለም ካልሲዬ ውስጥ ነበር። ሲጋራ እወድ ነበር፣ ምን ላድርግ።»

ጋሽ ክብሪት ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ያ ሁሉ ዘመን፣ ያ ሁሉ ቤንዚን፣ ከዚያ ሁሉ መሃል አንድ ካልሲ።

«ተነስ እባክህ፣ ሰው ያያል» አሉ አለቃ። «ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ልሽረው እችላለሁ። ሽሬዋለሁ። ሂድ፣ ሚስትህ ታብስል።»

«እርስዎ ጻፉት እንጂ አልጠበቁትም» አለ ጋሽ ክብሪት። «የጠበቅኩት እኔ ነኝ። ታዲያ በምን አፍዎ ነው የሚሽሩት?»

አለቃ ሴፍቲ መጥበሻቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው አጠገቡ ተቀመጡ። እንቁላሉ ቀዘቀዘ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ፤ የድሮው፣ ሄልሜት ያጠለቀው ድምፃቸው ተመለሰ።

«እሺ። ደንቡ አይሻር። ግቢ ውስጥ ብየዳ ሲኖር እንዴት ነበር የምናደርገው?»

«ቦታው ይፈተሻል። ጋዝ አለመኖሩ ይታያል። አሸዋና ውሃ ይቀርባል። አንድ እሳት ጠባቂ ይቆማል።»

«እሳት ጠባቂው ምን ያደርጋል?»

«ዓይኑን ከእሳቱ አይነቅልም። አይቀመጥም፣ ሌላ ሥራ አይነካም፣ እሳቱ ጠፍቶ ግማሽ ሰዓት እስኪሞላ ቦታውን አይለቅም።»

«በቃ። ሚስትህ በያጅ ናት። ፈቃድ ሰጥቻለሁ። ጠባቂው ግን የማይታመን ሰው እንዳይሆን» አሉና ካልሲያቸውን ወደ ላይ ሳብ አደረጉ።

እሁድ እትዬ ጭልፋ ሻንጣዋን ዘግታ ኮሪደሩ ላይ አቁማዋለች። ጫማዋንም አድርጋለች። ባሏ ሲገባ መጀመሪያ አላወቀችውም፤ በአንድ እጁ ከልጆች መጫወቻ የተዛቀ አሸዋ የሞላበት ባልዲ፣ በሌላው ከደረጃው ላይ የተነቀለ ቀይ እሳት ማጥፊያ፣ ትከሻው ላይ ውሃ የሚንጠባጠብ ብርድ ልብስ ነበረ።

«ምን ሆንክ አንተ ሰው?»

እሱ አልመለሰም። ወጥ ቤቱን አንድ በአንድ አሸተተ፤ ከምድጃው ሥር፣ ከመሳቢያው ውስጥ፣ ከማጠቢያው ቧንቧ ሳይቀር። ባልዲውን በቀኝ፣ ማጥፊያውን በግራ አቆመ። ከዚያ እጁን ኪሱ ከተተና ክብሪቷን አውጥቶ ሰጣት።  ክብሪት ተቀብሎ እንጂ ግቢው ውስጥ ለሰው ሰጥቶ አያውቅም።

«ሥሪ» አላት። «እኔ እጠብቃለሁ።»

እትዬ ጭልፋ ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ ፊቱን ስታይ ተወችው። ጫማዋን አወለቀች። ክብሪቱን ጫረች።

ትንሽዬ፣ ሰማያዊ፣ ክብ እሳት ምድጃው ላይ ተያያዘች። እፍ ቢሏት የምትጠፋ። ጋሽ ክብሪት ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ፤ ከዚያ ጠባቂ እንደማይጨፍን ትዝ አለውና ገለጠ። ግድግዳው ቆሟል። ባሕሩ አለ። ድስቱ ቀስ ብሎ ማንሾካሾክ ጀመረ። ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ተናደ፣ ግን ድምፅ አልነበረውም። ምንም አልሆነም። ይህን ያህል ዓመት የፈራው ነገር ባቄላ ይቀቅላል።

እትዬ ጭልፋም ሆን ብላ ለመብሰል የማይቸኩለውን ባቄላ ነበር የጣደችው። ባሏ መቀመጥ አይችልም፣ መውጣት አይችልም፣ ዓይኑን እንኳ መንቀል አይችልም። ጆሮው ግን ነፃ ነው። ስለዚህ አወራችው። ስለ ቆርቆሮው ቤት፣ በጭሱ ስለተበላሸ ዓይኗ፣ ሳህን ባቀበለችው ቁጥር እጁን ለመንካት ትንሽ ስለመዘግየቷ፣ እሱ ግን ሁልጊዜ ኪሷን እንጂ ፊቷን ስላለማየቱ።

«ፊትሽን አይቼዋለሁ» አለ ዓይኑን ከእሳቱ ሳይነቅል።

«መቼ?»

«በበሩ ስታልፊ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትገቢ።»

ጭልፋዋ ድስቱ ውስጥ ቆመ። ከዚያ ቀጠለ።

ባቄላው ሊበስል ሲቃረብ እትዬ ጭልፋ ላብ ልታደርቅ መስኮቱ ጋ ሄደች። «ውይ» አለች ቁልቁል እያየች። «አንድ ሰውዬ በርህ ጋ መጥቷል።»

የጋሽ ክብሪት ትከሻ ተሳበ። «ምን ይላል?»

«ቆሟል። ግራ ቀኙን ያያል። አንተን ነው የሚፈልገው። ሲጋራ በአፉ አለ… ኧረ እየነደደ ነው!»

«የተለኮሰ?»

«ጭሱ ይታየኛል።»

ሰውነቱ በሙሉ ወደ በሩ ዞረ፤ እግሮቹ ግን አልተንቀሳቀሱም። እሳቷን አየ። ሰማያዊ፣ ክብ፣ በድስቱ ሥር ተጠምጥማለች። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ከድስቱ እንፋሎት ይሁን ከሌላ ነገር እሱም አላወቀም።

«ሂድ አስቁመው እንግዲህ» አለች እትዬ ጭልፋ። ድምፅዋ እንደ ቀልድ ነበር፤ ዓይኗ ግን ኮሪደሩ ላይ ወደቆመው ሻንጣ ሄዶ ተመለሰ። «በርህ እኮ ነው።»

«ጠባቂ ቦታውን አይለቅም» አለ ጋሽ ክብሪት።

«እየገፋው ነው፣ በሩን!»

«አልለቅም አልኩሽ።»

እትዬ ጭልፋ ለአፍታ ባሏን ከጀርባው አየችው፤ የተገተረውን አንገቱን፣ የሚንጠባጠበውን ብርድ ልብስ። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ መስኮቱን እስከ መጨረሻው ከፈተችና ግማሽ አካሏን ወደ ውጭ አወጣች።

«ስማ! አንተ!» ድምፅዋ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሞላው፤ ኳስ የሚጫወቱት ቆሙ፣ ርግቦቹ ተነሱ። «ክብሪትህን በሩ ላይ አስቀምጥ! ሲጋራህን አጥፋ! ስትወጣ ትወስደዋለህ! ምን ታንጋጥጣለህ፣ አዎ፣ አንተን ነው!»

 ባቄላው ይንተከተካል።

«አስቀመጠ?» አለ ጋሽ ክብሪት።

እትዬ ጭልፋ መስኮቱን ዘጋችና ወደ ምድጃው ተመለሰች። ክዳኑን ከፈተች፣ ጨው ጨመረች፣ አማሰለች።

«አስቀመጠ» አለች።

እየዋሸችው እንደሆነ አወቀ። በማንኪያ ቀድታ፣ እፍ እፍ ብላ፣ አፉ ድረስ አመጣችለት፤ እሱም ዓይኑን ከእሳቱ ሳይነቅል አፉን ከፈተ።